የውሻ አንገት ማሰሪያ፦ አመራረጡ፣ ልኩና የባለቤቱ ኃላፊነት

ማለዳ ወደ ትምህርት ቤት ሲያመራ በውሻ የተነከሰ ሕፃን ወደ ጤና ጣቢያ ሲወሰድ የጤና ባለሙያው ለቤተሰቡ ከሚያቀርባቸው ጥያቄዎች መካከል “ውሻው የማን ነው? ክትባትስ ወስዷል?” የሚሉት ይገኙበታል። ባለቤቱ ከታወቀ ውሻው ተይዞ በክትትል ሥር ይቆያል፤ የክትባት ወረቀቱም ይታያል። ባለቤቱ ካልታወቀና ውሻው በመንደሩ ከሚንከራተቱት አንዱ ሆኖ ከተሰወረ ግን ሕፃኑ የጀመረውን የመከላከያ ሕክምና እስከ መጨረሻው መከታተል ግድ ይሆንበታል። ቤተሰቡም ለቀናት በጭንቀት ይቆያል።

ይህንን ጥያቄ በፍጥነት ለመመለስ ከሚያስችሉ ነገሮች አንዱ በውሻው አንገት ላይ የሚታሰረውና የባለቤቱ ስልክ ቁጥር የተጻፈበት ማሰሪያ ነው።

በአገራችን ከተሞች ውሻ በአብዛኛው የሚያዘው ለግቢ ጥበቃ ነው። ቀን ታስሮ ይውላል፤ ሌሊት ይለቀቃል። የሚታሰርበት ነገር ግን ብዙ ጊዜ በምርጫ የተገኘ ሳይሆን በእጅ የገባ ነው። የጭነት ገመድ፣ የኤሌክትሪክ ሽቦ፣ የከብት ሰንሰለት ወይም ከአሮጌ ጎማ የተቆረጠ ጠፍር አንገቱ ላይ ይጠመጠማል። ቡችላ ሳለ የታሰረለት ገመድ ሳይላላ ውሻው አድጎ ገመዱ ቆዳውን ሰንጥቆ ሥጋው ውስጥ ሲቀበር ማየት ለእንስሳት ሐኪሞች እንግዳ ነገር አይደለም። በዚህም ምክንያት ስለ አንገት ማሰሪያ ምርጫ መሠረታዊ ግንዛቤ መያዝ ለውሻው ደህንነትም ሆነ ለኅብረተሰቡ ጤና ጠቃሚ ነው።

ጥንታዊ አመጣጡ

የውሻ አንገት ማሰሪያ የቅርብ ጊዜ ፈጠራ አይደለም። በግብፅ የነገሥታት ሸለቆ በ1899 እ.ኤ.አ. የተገኘው የማይሄርፕሪ መቃብር በውስጡ ከቆዳ የተሠሩና በምስል ያጌጡ የውሻ አንገት ማሰሪያዎች ይዞ ተገኝቷል። ከእነዚህ በአንዱ ላይ የውሻው ስም ተጽፎበታል። መቃብሩ ከ3 ሺህ 300 ዓመት በላይ ዕድሜ ያለው በመሆኑ በማሰሪያ ላይ መለያ የመጻፍ ልማድ ምን ያህል ጥንታዊ እንደሆነ ያሳያል።

በኋለኞቹ ዘመናት በአውሮፓና በቱርክ የበግ መንጋ የሚጠብቁ ውሾች ተኩላ አንገታቸውን እንዳይዝባቸው የሾሉ ብረቶች የተተከሉባቸው ሰፋፊ ማሰሪያዎች ይታሰሩላቸው ነበር። በቱርክ ገጠሮች ይህ ልማድ እስካሁን ይታያል። ብረቱ ወደ ውጭ የሚያይ በመሆኑ ዓላማው ውሻውን መከላከል እንጂ መጉዳት አይደለም።

ማሰሪያ የሚሰጣቸው አገልግሎቶች

አንድ ባለቤት ማሰሪያ ከመግዛቱ በፊት ለምን አገልግሎት እንደሚፈልገው መወሰን ይኖርበታል። የመጀመሪያው አገልግሎት መለያ ነው፤ ውሻው ባለቤት እንዳለውና ማን እንደሆነ ይገልጻል። ሁለተኛው መያዣ ነው፤ ውሻውን በመንገድ ለመምራት፣ ሐኪም ዘንድ ለማቆም ወይም ለጊዜው ለማሰር ያገለግላል። ሦስተኛው የክትባት ምልክት ነው፤ በክትባት ዘመቻ ወቅት የተከተበውን ካልተከተበው ለመለየት ይረዳል።

ለእነዚህ አገልግሎቶች ሁሉ አንድ ዓይነት ማሰሪያ ላይበቃ ይችላል። ዘወትር በአንገቱ ላይ የሚቆየው ቀላልና ምቹ መሆን ሲኖርበት፣ ለእግር ጉዞ የሚውለው ደግሞ ጉተታን የሚችል ጠንካራ መሆን ይገባዋል።

ዋና ዋና ዓይነቶች

ባለ ዘለበት ጠፍጣፋ ማሰሪያ፦ እንደ ወገብ ቀበቶ በቀዳዳና በዘለበት የሚታሰር ነው። በጉተታ ጊዜ አይጠብቅም፤ በቀላሉም አይፈታም። በመሆኑም ለአብዛኞቹ ውሾች፣ በተለይም ለግቢ ጠባቂዎች፣ ተመራጭ ነው። ከዘለበት ይልቅ በፕላስቲክ መቆለፊያ የሚዘጉ ተመሳሳይ ማሰሪያዎች ለማውለቅ ቢቀሉም ፕላስቲኩ በፀሐይ ብዛት ስለሚደርቅና ስለሚሰነጠቅ ለትልቅና ኃይለኛ ውሻ አስተማማኝ አይደሉም።

በልክ የሚጠብቅ ማሰሪያ፦ ውሻው ወደ ኋላ ሲያፈገፍግ በተወሰነ መጠን ብቻ ይጠብቃል፤ ከዚያ በላይ አያንቅም። ጭንቅላታቸው ከአንገታቸው ለሚቀጥን፣ ቀጫጭንና ፈጣን ለሆኑ የአደን ውሾች ታስቦ የተሠራ ነው። እነዚህ ውሾች ተራውን ማሰሪያ በጭንቅላታቸው አሾልከው ያወልቁታል። ይህ ዓይነቱ ማሰሪያ ለእግር ጉዞ እንጂ ውሻን አስሮ ለመተው አይውልም።

የደረት መታጠቂያ፦ በአንገት ፋንታ ደረትንና ትከሻን ይዞ ጉተታውን በሰውነት ላይ ያከፋፍላል። አፍንጫቸው አጭርና ፊታቸው ጠፍጣፋ ለሆነ፣ አየር ለማስገባት ለሚቸገሩ ዝርያዎች፣ የመተንፈሻ ቱቦ ድክመት ላለባቸው ትናንሽ ውሾችና የዓይን ሕመም ላለባቸው ይመከራል። በ2006 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ውሻ በአንገት ማሰሪያ ሲጎትት በዓይኑ ውስጥ ያለው ግፊት እንደሚጨምር፣ በደረት መታጠቂያ ሲጎትት ግን ይህ ለውጥ እንደማይታይ አሳይቷል።

ሲሳብ የሚያንቅ ሰንሰለት፦ ጫፉ በቀለበት ውስጥ አልፎ ሲጎተት ያለ ገደብ የሚጠብቅ ነው። አንዳንድ አሠልጣኞች ቢጠቀሙበትም ጉሮሮንና የመተንፈሻ ቱቦን ሊጎዳ ይችላል። ውሻን በዚህ ሰንሰለት አስሮ መሄድ በማናቸውም ሁኔታ አይገባም፤ ሰንሰለቱ ከአጥር ወይም ከዛፍ ጋር ቢያያዝ ውሻው በራሱ ጉተታ ታንቆ ሊሞት ይችላል።

ወደ ውስጥ የሾሉ ብረቶች ያሉትና በኤሌክትሪክ የሚነዝር ማሰሪያ፦ ሁለቱም ውሻውን በሕመም ለመግዛት የተሠሩ ናቸው። ሕመም ውሻን ፈሪና ተናካሽ ሊያደርገው ስለሚችል ግልጋሎታቸው ብዙ ክርክር አስነስቷል። ዌልስ በ2010 እ.ኤ.አ. በኤሌክትሪክ የሚነዝሩ ማሰሪያዎችን በሕግ አግዳለች። ለቤት ጠባቂ ውሻ አንዳቸውም አያስፈልጉም።

የቁንጫና የመዥገር መከላከያ ማሰሪያ፦ በፀረ ተባይ መድኃኒት የተነከረ በመሆኑ ከተራ ማሰሪያ ጋር አንድ ተደርጎ መታየት የለበትም። ለየትኛው ዕድሜና ክብደት እንደሚሆን በማሸጊያው ላይ የተጻፈውን መመልከት፣ ሕፃናት እንዳይነኩትም መጠንቀቅ ያሻል። ውሻን ለመምራት ወይም ለማሰር አያገለግልም።

ቁሳቁሱ

ቆዳ ጠንካራና ሲቆይ እየለሰለሰ የሚሄድ በመሆኑ ለአንገት ይመቻል። አገራችን የቆዳ ምርት ያላት በመሆኗም በባለሙያ ማሠራት አይከብድም። ችግሩ ውኃ አይወድም፤ በክረምት ደጋግሞ ሲረጥብና ሲደርቅ ይጠነክራል፣ ይሰነጠቃል፣ ይሻግታል። በየጊዜው በጨርቅ መጥረግና ቅባት መቀባት ዕድሜውን ያራዝመዋል። ከቆዳ የሚሠራ ማሰሪያ ጠርዙ የተላገና ስፌቱ ወደ ውስጥ ያልጎረበጠ መሆኑን በጣት ዳስሶ ማረጋገጥ ይጠቅማል።

ናይለን ዋጋው ዝቅ ያለ፣ የሚታጠብና ቶሎ የሚደርቅ ነው። ይሁንና ጠርዙ ሲቆራረጥ እንደ መጋዝ ፀጉርን ይልጣል፤ ቆዳንም ያቆስላል። ስለዚህ መተልተል የጀመረ ናይለን ሳይውል ሳያድር መቀየር አለበት።

ሰንሰለት ከአንገት ጋር በቀጥታ መገናኘት የለበትም። ውሻን ማሰር ካስፈለገ ሰንሰለቱ የሚያያዘው ጠፍጣፋ በሆነው የአንገት ማሰሪያ ቀለበት ላይ ነው። በሰንሰለቱ ጫፍ ላይ የሚሽከረከር መንጠቆ መኖሩ ውሻው ሲዞር ሰንሰለቱ እንዳይጠማዘዝ ያደርጋል። ሽቦና ቀጭን ገመድ ግን ለምንም ዓይነት ውሻ አይሆኑም። ጉተታው በቀጭን መስመር ላይ ስለሚያርፍ ቆዳን ይቆርጣሉ። በፀጉር ውስጥ የተሸፈነው ቁስል ሳይታይ ዝንብ እንቁላል ይጥልበታል፤ ትልም ያፈራል።

የማሰሪያው ደካማ ቦታ ብዙውን ጊዜ ብረቱ ነው። ቀለበቱ ጫፍና ጫፉ የተበየደ፣ የማይዝግና ከውሻው ጉልበት ጋር የሚመጣጠን መሆን ይኖርበታል። ጫፉ ክፍት የሆነ ቀለበት በአንድ ኃይለኛ ዝላይ ተከፍቶ ውሻውን መንገድ ላይ ይለቃል።

ልክ አወሳሰድ

የአንገት ልክ የሚወሰደው በልብስ ሰፊ ሜትር ነው። ሜትር ከሌለ ክር በአንገቱ መካከል አዙሮ ክሩን በማስመሪያ መለካት ይቻላል። የሚገዛው ማሰሪያ በመካከለኛው ቀዳዳ ላይ ሲታሰር ልክ የሚሆን ቢሆን ይመረጣል፤ ይህም ለማላላትም ለማጥበቅም ቦታ ይተዋል።

ማሰሪያው ከታሰረ በኋላ በአንገቱና በማሰሪያው መካከል ሁለት ጣት ያለ ችግር መግባት አለበት። ለትናንሽ ውሾችና ለቡችሎች አንድ ጣት ይበቃል። ከዚያ በላይ ከጠበቀ መተንፈስንና መዋጥን ያውካል። ከላላ ደግሞ ውሻው በጭንቅላቱ ያወልቀዋል ወይም የታችኛው መንጋጋው ወይም የፊት እግሩ ገብቶበት ይጎዳል። ሁለት ጣት ካስገቡ በኋላ ማሰሪያውን ወደ ጆሮዎቹ ቀስ ብሎ በመሳብ አለመውለቁን ማረጋገጥም ያስፈልጋል።

ስፋቱም ከውሻው መጠን ጋር ይያያዛል። ለትናንሽ ውሾች ከ1 እስከ 1.5 ሴንቲ ሜትር፣ ለመካከለኛ ውሾች ከ2 እስከ 2.5 ሴንቲ ሜትር፣ ለትላልቆቹ 3 ሴንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ ስፋት ያለው በአብዛኛው ይስማማል። በትናንሾቹ ላይ ሰፊና ከባድ ማሰሪያ ማድረግ አንገታቸውን ያጎብጣል። ለትላልቆቹ ቀጭኑን መጠቀም ደግሞ ጉተታው በጠባብ ቦታ ላይ እንዲያርፍ ስለሚያደርግ ይጎዳል።

ቡችላ በፍጥነት ያድጋል። ስለሆነም የቡችላ ማሰሪያ ቢያንስ በየሳምንቱ በጣት መለካት አለበት። “ሲያድግ ይሆነዋል” ተብሎ ሰፊ ማሰሪያ ማድረግም፣ የታሰረውን ረስቶ መተውም ሁለቱም ስሕተት ናቸው። ያደገ ውሻም ቢሆን ሊከሳ ወይም ሊወፍር ስለሚችል በወር አንድ ጊዜ ማሰሪያውን አውልቆ አንገቱን መፈተሽ ተገቢ ነው። የፀጉር መላጥ፣ መቅላት፣ እርጥበት ወይም መጥፎ ሽታ ከታየ ማሰሪያው ተነሥቶ የእንስሳት ሐኪም ማማከር ያስፈልጋል።

በመለያው ላይ ምን ይጻፍ?

በማሰሪያው ላይ የሚንጠለጠል ትንሽ የብረት ታርጋ ወይም በማሰሪያው ላይ በሪቬት የተመታ ጠፍጣፋ ሳህን ለመለያነት ያገለግላል። የሚንጠለጠለው በአጥርና በቁጥቋጦ ሊያዝና ሊወድቅ ስለሚችል ለግቢ ጠባቂ ውሻ የተመታው ይሻላል። ማስቀረጽ ካልተቻለ በማይለቅ ቀለም በማሰሪያው ውስጠኛ ገጽ ላይ መጻፍና በየጊዜው ማደስ ይቻላል።

መጻፍ ያለበት የባለቤቱ ስልክ ቁጥር ነው፤ ቦታ ካለ ወረዳና የቤት ቁጥር ይጨመራል። በብሪታኒያ በ1992 እ.ኤ.አ. የወጣው የውሾች ቁጥጥር ትዕዛዝ ውሻ በሕዝብ መንገድ ላይ ሲገኝ የባለቤቱ ስምና አድራሻ የተጻፈበት ማሰሪያ እንዲኖረው ያስገድዳል። ቆዳ ሥር የሚቀበረው ማይክሮቺፕ በብዙ አገሮች ሥራ ላይ ቢውልም ያለ ማንበቢያ መሣሪያ ስለማይታይ መንገደኛው በዓይኑ የሚያየውን ማሰሪያ አይተካም።

ማሰሪያና የእብድ ውሻ በሽታ

የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ አንዴ ከታየ በኋላ ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ ገዳይ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት መረጃ እንደሚያመለክተው በሽታው በዓለም ዙሪያ በየዓመቱ ወደ 59 ሺህ የሚገመት ሰው ይገድላል፤ ወደ ሰው ከሚተላለፈው ውስጥ እስከ 99 በመቶ የሚሆነው በውሻ አማካይነት ነው። ከሟቾቹ መካከል ከ15 ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት ከፍተኛ ድርሻ ይይዛሉ። ዓለም አቀፍ ድርጅቶች በ2015 እ.ኤ.አ. ባስቀመጡት ግብ መሠረት በውሻ አማካይነት በሚተላለፈው የእብድ ውሻ በሽታ የሚሞት ሰው በ2030 እ.ኤ.አ. እንዳይኖር ይፈለጋል። ለዚህም በአንድ አካባቢ ካሉ ውሾች ቢያንስ 70 በመቶው እንዲከተቡ ይመከራል።

ማሰሪያው በዚህ ረገድ በሁለት መንገድ ያገለግላል። አንደኛ፣ በክትባት ዘመቻ ለተከተቡ ውሾች አንድ ዓይነት ቀለም ያለው ማሰሪያ ማድረግ ያልተከተቡትን በቀላሉ ለይቶ ለመድረስና የሽፋኑን መጠን ለመገመት ያስችላል። ሁለተኛ፣ ውሻው ሰው ቢነክስ ባለቤቱን ማግኘት ይቻላል። በጤና ላይ ያለ የነከሰ ውሻ ለ10 ቀናት በክትትል ሥር ይቆያል፤ በእነዚህ ቀናት በጤና ከቆየ በነከሰበት ጊዜ በምራቁ ቫይረሱን አላስተላለፈም ማለት ይቻላል። በዚህ ጊዜ ሐኪሙ የተጀመረውን ሕክምና ለማቋረጥ ሊወስን ይችላል። ውሻው ካልተገኘ ግን ይህ ዕድል አይኖርም።

ይሁን እንጂ ማሰሪያ በራሱ የክትባት ማስረጃ አይደለም። ማስረጃው በእንስሳት ሐኪም የተፈረመው ወረቀት ነው። ማሰሪያ ባለው ውሻ የተነከሰ ሰውም ቁስሉን ወዲያውኑ በሳሙናና በውኃ ለ15 ደቂቃ አጥቦ ሳይዘገይ ወደ ጤና ተቋም መሄድ አለበት። የ10 ቀኑን ክትትል እየጠበቁ ሕክምና አለመጀመር ለሞት ሊዳርግ ይችላል።

የሕግ ኃላፊነትና የመሥሪያ ቤት ውሾች

በ1952 ዓ.ም የወጣው የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2071 የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ለሚያደርሰው ጉዳት ኃላፊ እንደሚሆን ይደነግጋል። እንስሳው በድንገት ከቁጥጥሩ አምልጦ ቢሆንም፣ ጉዳቱም አስቀድሞ ሊታሰብ የማይችል ቢሆንም ኃላፊነቱ አይቀርም። ስለዚህ በተበጠሰ ማሰሪያ ወይም በተከፈተ ቀለበት ያመለጠ ውሻ ለሚያደርሰው ጉዳት “አምልጦኝ ነው” ማለት ብቻውን ከኃላፊነት አያድንም።

ጉዳዩ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችንም ይመለከታል። በብዙ ቅጥር ግቢዎች፣ መጋዘኖችና የግንባታ ቦታዎች ጥበቃዎች የሚመግቧቸው፣ በንብረት መዝገብ ግን የማይታወቁ ውሾች አሉ። “ውሻ በበላበት ይጮሃል” እንደሚባለው እነዚህ ውሾች ግቢውን እንደ ራሳቸው ቤት ይጠብቃሉ፤ ባለጉዳይ ሲነክሱ ግን ባለቤት ነኝ የሚል አይገኝም። ይህንን ለማስቀረት የሚከተሉት እርምጃዎች ይጠቅማሉ፦

- በግቢው የሚኖሩ ውሾች ቁጥራቸው፣ መልካቸውና የክትባት ቀናቸው በመዝገብ እንዲያዝና ኃላፊነቱ በጽሑፍ ለአንድ ሠራተኛ እንዲሰጥ፤

- እያንዳንዱ ውሻ የመሥሪያ ቤቱ ስልክ ቁጥር የተጻፈበት ባለ ዘለበት ጠፍጣፋ ማሰሪያ እንዲኖረው፤

- ግዥ ሲፈጸም በዋጋ ብቻ ሳይወሰን የአንገት ልክ፣ ስፋት፣ የቁሳቁስ ዓይነትና የቀለበቱ ጥንካሬ በዝርዝር መግለጫው ውስጥ እንዲካተት፤

- በሥራ ሰዓት ውሻው የሚታሰርበት ቦታ ጥላና ውኃ ያለው፣ ሰንሰለቱም ባለጉዳይ ወደሚያልፍበት መንገድ የማይደርስ እንዲሆን፤

- ውሻው ዘሎ በማዶ እንዳይንጠለጠል የማሰሪያው ቦታ ከአጥርና ከግንብ እንዲርቅ፤

- የጥበቃ ፈረቃ ሲለዋወጥ የማሰሪያው ይዞታ ታይቶ ርክክብ እንዲደረግበት።

በከተሞች ባለቤት አልባ ውሾችን ለመቀነስ መርዝ ጥቅም ላይ ሲውል መቆየቱ ይታወቃል። መርዝ ማሰሪያ ያለውንና የሌለውን አይለይም። በመሆኑም ማሰሪያ የግቢን በር ዘግቶ ውሻን በክልሉ የማቆየት ግዴታን አይተካም።

ማጠቃለያ

ለአብዛኛው የአገራችን ጠባቂ ውሻ የሚስማማው ከቆዳ ወይም ከጠንካራ ናይለን የተሠራ፣ ባለ ዘለበት፣ የተበየደ ቀለበት ያለው፣ ሁለት ጣት የሚያስገባና የባለቤቱ ስልክ ቁጥር በግልጽ የተጻፈበት ጠፍጣፋ ማሰሪያ ነው። ይህ ማሰሪያ ከክትባት ወረቀቱ ጋር ሲጣመር ለውሻው ከቁስል፣ ለባለቤቱ ከሙግት፣ ለተነከሰው ሰውና ለቤተሰቡም ከብዙ ጭንቀት መዳኛ ይሆናል። ማሰሪያውን ዛሬ በጣት መፈተሽ ከአንድ ደቂቃ በላይ የሚወስድ ሥራ አይደለም።